በአንድ እጅ የሚነዳ ማሽን

ካይሮ፣ ዶቂ
ሰኔ ፲ ቀን ፳፻፭ ዓ.ም.

ይድረስ ለአፈ ጮሌዋ የልጄ ልጅ፣ ለማክዳ፤
ሜልቦርን

እንደምን ከርመሻል? እኛ በሐሩር ስንጠበስ አንቺ ካፖርት ደርበሻል አሉ፤ ታድለሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጥርሴ ሦስት ቀርቶኛል፤ ምላሴ ግን ሙሉ ነው።

እናትሽ ራሷ ያልጻፈችልሽ ንቃሽ አይደለም። እቤታችን ደረጃ ላይ አዳልጧት ቀኝ እጇ በጀሶ ታስሯል። ይድናል፤ አታስቢ።

ይልቅ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አያትሽ በስተርጅናው ማሽን መራጭ ሆነ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባይ ግድባችን ወሬ በቴሌቪዥን ከተነሣ ወዲህ እዚህ ሐበሻ መሆን ያስፈራል። ሜትሮ ላይ ሴቶቻችንን እያስቆሙ «ውሃችንን የምትወስዱት እናንተ ናችሁ?» ይሏቸዋል። በጥያቄ ብቻ ቢያበቃ ምን ነበረበት! የአባሲያው አከራያችንም፣ ያንን ከመንገዱ እኩል የሆነውን፣ አንቺ በመስኮት ዘለሽ መንገድ ላይ እየወረድሽ ከቁጣዬ የምታመልጪበትን ቤት፣ «ማሌሽ ያ ሐግ፣ ይቅርታ አባባ፣ መስታወቴን ይሰብሩብኛል፤ ልቀቁልኝ» አለን። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እሱም ፈርቶ ነው።

በዚሁ ሰሞን እኔና እናትሽ የምናጸዳው የዶቂው ሕንፃ ኃላፊ፣ ዋና መሐንዲሱ ባሽሙሃንዲስ ሸሪፍ፣ ወለል የሚያጥብና የሚያደርቅ ማሽን ካልገዛሁ አለ። እስከ ዛሬ ውሃ በባልዲ ደፍተን በላስቲክ ስንገፋ ነበር የኖርነው። አብረውን የሚያጸዱት ከበቡሽና ፈለቀች ፈርተው ወደ ሀገራቸው ሊገቡ ነው፤ ማሽኑን የምትነዳው አንዲት ሴት ብቻ ትቀራለች። የምትቀረዋ ደግሞ ከግቢው በር በስተውስጥ ያለችውን የዘበኛ ክፍል ታገኛለች። ገባሽ? መንገድ ሳይወጡ ሠርተው የሚያድሩባት ክፍል! ታዲያ እናትሽ መንዳቱ ካቃታት ባሽሙሃንዲሱ ሌላ ሰው ሊያመጣ ነው።

«ዓለምሰገድ፣ ወለሉን የምታውቀው አንተ ነህ፤ ሂድና ምረጥ» አለኝ።

ሻጩ ያለው ናስር ሲቲ ነው። ባለታክሲው ገና በሩን ሳልዘጋ «ከወዴት ነህ?» አለኝ። «ከአስዋን፣ ኑቢያዊ ነኝ» አልኩት። ሰሞኑን ሁላችንም ኑቢያዊ ሆነናል። መልኬ ያስኬዳል፤ ዓረብኛዬም ሠላሳ ዓመት የታሸ ነው። ደስ ብሎት ሬዲዮውን ከፍ አደረገልኝ። እኛን ሲሰድቡ እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ ደረስኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሱቁ ውስጥ ጎረምሶች ሻይ እየጠጡ ቴሌቪዥን ያያሉ። ወሬው ያው ግድቡ ነው። ማሽኖቹ ደግሞ ምን እንደሚሠሩ ታውቂያለሽ? ከፊት ውሃ ይረጫሉ፣ በሆዳቸው ስር ብሩሹ ይፈትጋል፣ ከኋላ ላስቲኩ ውሃውን ሰብስቦ ይመጠዋል። ውሃ የሚመጥ ማሽን ሊመርጥ የመጣ ሐበሻ! ቢይዙኝ ምን ብዬ አስረዳ ነበር?

«ያ ሐግ፣ የየት ሰው ነህ?» አለኝ አንዱ።

«ኑቢያዊ ነኝ፣ የአስዋን።»

ፊቱ በራ። ወደ ጓዳ ዞሮ «ዓም ኢድሪስ! ና፣ የሀገርህ ሰው መጥቷል!» ብሎ ተጣራ።

ማክዳዬ፣ በደርግ ጊዜ ድንበር ስሻገር እንኳ እንዲያ አልደነገጥኩም። ሻጩ ኢድሪስ እኩያዬ የሚሆን ሽማግሌ ነው። እጁን ዘርግቶ መጣና የኑቢያውን ቋንቋ አዘነበብኝ። አንድ ቃል አላውቅም። ምን ላድርግ? ሳልኩ። ሳል የሁሉም ሀገር ቋንቋ ነው። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ ሳልኩ። ጎረምሶቹ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

ኢድሪስ ዐይን ዐይኔን አየኝ። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሮ «ኸላስ፣ በቃ፣ የአክስቴ መንደር ሰው ነው። ጆሮው ከብዷል፤ ተዉት» አለና ክንዴን ይዞ ወደ ማሽኖቹ ወሰደኝ። አንዱን አስነሣው። ጩኸቱ ሱቁን ሲሞላው አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ።

«ሐበሺ» አለኝ። «አሁን ማንም አይሰማህም፤ ተናገር። ምን ዓይነት ትፈልጋለህ?»

«በአንድ እጅ የሚነዳ።»

ባሽሙሃንዲሱ የተመኘው ተቀምጠው የሚነዱትን ነበር፤ ያ ማሽን ግን ሊፍታችን ውስጥ አይገባም፤ በዘንጌ ለክቼ ነው የሄድኩት። በኤሌክትሪክ ገመድ የሚሠራው ይረክሳል፤ ግን አንዱ እጅ ሲነዳ ሌላው ገመድ መሰብሰብ አለበት። ባለባትሪው ግን ራሱን እየጎተተ ይሄዳል። መያዣው ላይ ያለችውን ማንሻ ጨበጥ ማድረግ ነው። ቆሻሻ ውሃውም በቱቦ ይወርዳል፤ ባልዲ አያሸክምም።

«በየትኛው እጇ ነው የምትነዳው?» አለኝ ኢድሪስ።

«በግራዋ።»

«ቀኟስ?»

ጎንበስ ብዬ ብሩሹን መመርመር ጀመርኩ። እሱም ማሽኑን አላጠፋውም። ቆይቶ፣ «የእናቴ ቤት ከአስዋኑ ትልቅ ግድብ ሐይቅ ስር ሰጥሞ ነው ያለው» አለኝ። «እነዚህ ልጆች ሐበሻን መስደብ ሲያምራቸው እኔን ለምስክርነት ይጠሩኛል።»

ዛሬ ጠዋት ራሱ ጭኖ አመጣልን። እናትሽ ቀኝ እጇን በሰፊው ጋውኗ ውስጥ ሸሽጋ በግራዋ ያዘችው። ማሽኑ ቀጥ ብሎ ሄደላት። ባሽሙሃንዲሱ እጇን አላየም፤ ጫማውን እምነ በረዱ ላይ ጎተት አደረገና «ያዕኒ፣ ምንም አይል፣ ደርቋል» አለ። ቁልፉን ሰጠን።

እና ይህን የምጽፍልሽ ከአዲሷ ክፍላችን ነው። በሩ ብረት ነው። ሆኖም የግቢውን በር ሰው ባንኳኳ ቁጥር እናትሽ ትነሣና ማሽኑን ታስጮኸዋለች። ታጥቦ የደረቀ ወለል መልሳ ታጥባለች። ባትሪውን ጨረሽው ብዬ ልቀልድባት አሰብኩና አፌ እምቢ አለኝ። እኔም እኮ ጩኸቱን ወድጄዋለሁ።

በሄድሽበት ሁሉ «ከወዴት ነሽ?» የሚልሽ ሰው ለወዳጅነት ብቻ የሚጠይቅሽ ይሁን። ስትመልሺም እውነቱን ለመናገር የማትፈሪ ያድርግሽ። አሜን በይ፣ አንቺ ቀበጥ።

አያትሽ
ዓለምሰገድ

እናትሽም ከስር በግራ እጇ ፈርማለች፤ የዶሮ ጭረት ቢመስልሽ አትሳቂባት።

እማዋይሽ

እኔው አያትሽ ነኝ፤ ደብዳቤውን መልሼ አነበብኩት። አንቺ ነገር የማያመልጥሽ ልጅ ነሽ። እባክሽ፣ የአባሲያው ቤታችን ደረጃ የቱ ጋ ነበር ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።