የቡሬው ማሽንና የሽማግሌዎቹ ቀጠሮ

ሐሙስ

ይቅር አልልም አልኳቸው ሽማግሌዎቹን። አባቴ አንገቱን ደፋ።

በግራ እጄ ነው የምጽፈው፤ ፊደሎቼ ተንጋደዋል። የቀኜ ሦስት ጣቶች አይሰሙኝም። ቡሬ ያለ የግል ክሊኒክ የቀኝ እጄ አንጓ ላይ የነበረችውን እብጠት በሮቦት አወጣልኝ፤ ሮቦቱ ነርቬንም አብሮ ቆረጠው። የት እንደሚቆርጥ የወሰነው ውስጡ ያለው አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ነው። ሐኪሙ እኔ እጄን አላሳረፍኩም ይላል። ማሽኑን የሸጠው ድርጅት ሐኪሙ ማስቆም ነበረበት ይላል። የክሊኒኩ ባለቤት ደግሞ ሽማግሌ ላከብን። ያውም በአባቴ የንስሐ አባት በቄስ ጥበቡ መሪነት።

«ልጄ፣ ብረት ምን ነፍስ አለውና ቂም ትይዥበታለሽ?» አሉኝ ቄሱ።

«አባ፣ የእርስዎ በሬ ሰው ቢወጋ ካሣ የሚጠየቀው በሬው ነው?»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሕግ የተማረች ልጅ ካለችበት ቤት ሽማግሌ መላክ ቀርቷል አሉ። ቄሱ አልሳቁም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባለቤቱን ይዘን እንመጣለን ብለው ቀጠሮ ሰጡ። አባቴ ተቀበለ። እስከዚያ ክስ የለም። ሽማግሌ የያዘውን ነገር ችሎት መውሰድ እኛ ዘንድ ሽማግሌ መርገጥ ነው።

ዓርብ

ክሱን ጨርሻለሁ። ተከሳሾች፦ ክሊኒኩ፣ ሻጩ፣ ሐኪሙ። ከሁሉ የሚቀድመው ባለሙያ እስኪመረምረው ማሽኑ እንዳይነካ የሚያዝ እግድ ነው። ማሽኑ ከሌለ ምን እንዳጠፋ በምን አስረዳለሁ?

አባቴን ክሱን ዛሬውኑ ላስገባ ብዬ ለመንኩት። «ነፍስ አባቴን አታዋርጂብኝ» አለ። ክሱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። የሸሚዜን ቁልፍ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እናቴ እርዳታ ቆለፍኩ፤ ጥርሴ ረድቶኛል።

ቅዳሜ

ሰናይት ደወለች፤ የክሊኒኩ ነርስ ናት፣ ስቆረጥ አጠገቤ ነበረች። በሹክሹክታ ነው ያወራችው። ቴክኒሻኖች መጥተው ማሽኑን እየፈቱት ነው፣ ኢሱዙ ግቢ ገብቶ ቆሟል፣ ለጥገና ነው ተብሏል።

ፍርድ ቤት ዝግ ነው። ሚኒባስ ይዤ ቡሬ ወረድኩ። ዘበኛው በሩን አልከፈተልኝም። በበሩ ስንጥቅ አየሁ፦ በሸራ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ሬሳ እንደሚጫን ቀስ ተደርጎ ይጫናል። ሐኪሙ አየኝና ፊቱን አዞረ።

ቀጠሮው ለምን እንደተጠየቀ ያኔ ገባኝ።

እሑድ

ሽማግሌዎቹ መጡ። ባለቤቱ ሥራ በዝቶብኛል ብሎ ቀርቷል። ያየሁትን ነገርኳቸው። ቄስ ጥበቡ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«እኛን አጥር አርጎ ነዋ የሰረቀሽ» አሉ። «ቀጠሮዬን አንስቻለሁ። ነገ ችሎት እሄዳለሁ፤ እኔው እመሰክርልሻለሁ።»

አባቴ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እኔም አላጽናናሁትም።

ሰኞ

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ችሎት ቆሙ፤ በማን ተልከው ቀጠሮ እንደሰጡ ሳይሸሽጉ ተናገሩ። ዳኛዋ እግዱን ሰጡ። ክሱም ተከፈተ። ባለቤቱ ማሽኑን ቢጭንም ራሱን የትም አይጭንም፤ ችሎት ይቀርባል።

ትእዛዙ ቡሬ ሲደርስ ክፍሉ ባዶ ነበር፤ ወለሉ ታጥቧል። ማታ ሰናይት ደወለች። ማሽኑ ለጥገና አልሄደም። ለሌላ ክሊኒክ ተሸጧል፤ እዚያ ሕመምተኞች ከወዲሁ ተራ ይዘዋል። የት ከተማ እንደሆነ ግን አላወቀችም።