የኤረር ሮቃ በየት በኩል ነበር?

ሰኞ፣ የካቲት 8/2002

ሳተላይቱ ዋሸ እንጂ እኔ አልዋሸሁም።

ዛሬ ከሰሚራ ጋር ተጣላሁ። መጣላት እንኳ አይባልም፣ ከዘራዬን አንስቼ ወጣሁ። ሰሚራ ሶማሌ ተራ ኮምፒውተር ትጠግናለች። ሟቹ አባቷ ጎረቤቴ ነበር። ከድሬዳዋ ጨርቅ ያመጣ ስለነበር እሷም በልጅነቷ በእኛ ባቡር ጥቅሉ ላይ ተኝታ ነው የተመላለሰችው። አሁን ባቡሩ ቆሟል። እሷ ግን በኮምፒውተር ውስጥ ልታስነሳው ነው። ሲሙሌተር ይሉታል። ሐዲዱን፣ ድልድዩን፣ ጣቢያውን አንድ በአንድ ታስገባለች፣ ሲያልቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከለገሃር ድሬዳዋ መንዳት ነው። «ጋሼ ታደሰ፣ መንገዱን ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል?» አለችኝ ከወር በፊት። እውነቷን ነው። ሃያ ስምንት ዓመት የመጨረሻው ፉርጎ ላይ ፍሬን ያዥ ነበርኩ።

እስከ አዋሽ ፎቶ ነበራት፤ የእኔ ሥራ «አዎ፣ ይሄ ነው» ማለት ብቻ ነበር። ከአዋሽ ወዲያ ፎቶ የላትም። ፎቶው እኔ ነኝ። መሐሉን ዘለን ኤረርን እናስቀድም ብዬ ለመንኳት፣ እሺ አለች። ታዲያ ዛሬ ብታሳየኝ ተራራው በስተቀኝ ተኮፍሷል!

«ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ ተራራው በግራ ነው» አልኳት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከሳተላይት የተወሰደ ነው።»

«ሳተላይቱ ኤረር ወርዶ ብርቱካን ገዝቶ ያውቃል?»

ሳቀች። ያን ጊዜ ነው ከዘራዬን ያነሳሁት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 9

አልሄድኩም። ተናድጃለሁ።

ለምን ኤረርን እንዳስቀደምኩ ለሰሚራ አልነገርኳትም። ለደብተሩ ልንገረው። ኤረር ጣቢያ አንድ የሮቃ ዛፍ ነበር። ከሥሩ አንዲት ልጅ ብርቱካን በቅርጫት ይዛ ትቆማለች፣ ተራራው ከኋላዋ። ሌሎቹ ሻጮች ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ፣ እሷ አትሮጥም። የፈለገ ይምጣ ነው። ኩሩ ነበረች። አራት ወር ሙሉ ፉርጎዬን ጥዬ እየወረድኩ ብርቱካን ገዛሁ። ብርቱካን አልወድም። አስካለ ትባላለች። አብረን ስንኖር ኖረን፣ ካረፈች አምስት ዓመቷ።

ተራራው በቀኝ ከሆነ ዛፉም በቀኝ ነው። እኔ ግን ዓይኔን ስጨፍን በግራ ነው የማየው። ሁልጊዜ በግራ።

ከሰዓት ሰብለ ከሐዋሳ ደወለች። ልጄ ናት፣ አንድ ልጄ።

«አባዬ፣ ቡታጋዙን ሳታጠፋ ወጣህ አሉኝ።»

«አንድ ቀን ነው!»

«ሁለት ቀን ነው። ቅዳሜ መጥቼ እወስድሃለሁ። ብቻህን መኖር በቃ፣ እየረሳህ ነው።»

ጎረቤት አፉ አያርፍም። አልረሳም አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ግን ፈራሁ። አስካለ የቆመችበትን ከረሳሁ ምኑን አስታውሳለሁ?

ረቡዕ፣ የካቲት 10

ሰሚራ አስታራቂ አመጣሁ ብላ አስጠራችኝ። ሙላቱን ነው ያመጣችው! ሙላቱ የባቡር ሾፌር ነበር። ሾፌሮች እኛን ፍሬን ያዦችን «ጭራ» ይሉን ነበር። ዛሬም አልተወውም።

«እህ ጭራው፣ አለህ እንዴ?» ብሎ ተቀመጠ። ጾም ነውና ጥቁር ሻይ አዘዘ፣ አራት ማንኪያ ስኳር ጨመረበት። ስክሪኑን አየ። «ተራራው በትክክል በቀኝ ነው። ጣቢያውም ዛፉም በቀኝ።»

«በግራ ነው።»

«ታዴ፣ እኔ እኮ ፊት ለፊት እያየሁ ነው የነዳሁት። ተራራ ከግራ ወደ ቀኝ አይሻገርም። ሰው ነው የሚያረጀው።»

ሰሚራ አንገቷን ደፋች። አዘነችልኝ። ከስድቡ ሁሉ ያ ነው የቆረጠኝ። «ዛፉን በግራ ልተክልልዎት እችላለሁ እኮ ጋሼ፣ ደስ ካለዎት» አለችኝ። እንደ ሕፃን ልታባብለኝ! እኔ እውነተኛውን ነው የምፈልገው። «ተይው፣ አትትከይው» ብዬ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 11

ራሴን ፈተንኩ። ጣቢያዎቹን ከለገሃር ጀምሬ ጻፍኩ። አቃቂ፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር፣ ሁርሶ፣ ድሬዳዋ። ትናንሾቹን ደግሞ በቃሌ አልኳቸው። ከዚያ ከድሬዳዋ ወደ ላይ አልኳቸው። አንድ አልሳትኩም።

ምስሩ ግን አረረ። ስጽፍ ነዋ! እሱ አይቆጠርም።

መሠረተ ትምህርት የተማርኩ ጊዜ አስካለ ፊደሉን ከእኔ ቀድማ ለየች፣ ማታ ማታም እየፈተነችኝ «ታደሰ፣ እልኸኛ ባትሆን ኖሮ አንድ ወር ባልፈጀህ» ትለኝ ነበር። ይሄንንም አስታውሳለሁ። የተናገረችውን ሁሉ አስታውሳለሁ። ታዲያ እንዴት የቆመችበት ይጠፋኛል?

ነገ ለገሃር ሄጄ ሐዲዱ ላይ ቆሜ አስባለሁ። እግሬ ያውቅ ይሆናል።

ዓርብ፣ የካቲት 12

እልል!

በሥርዓት ልጻፈው። ጠዋት ጭድ ተራ አጠገብ ሚኒባስ ገባሁ። ሞልቷል። ወያላው «አባት፣ እዚህች ጋ ጠጋ ይበሉ» ብሎ ከሾፌሩ ጀርባ ባለችው አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝ፣ ፊቴን ወደ ተሳፋሪው አዙሬ። ተነሣን። ጥቂት እንደሄድን ወደ ለገሃር ስወርድ ሁልጊዜ በግራዬ የማውቀው ሰዓት ሠሪ በቀኜ አለፈ። ደነገጥኩ። ይሄም ጠፋብኝ ማለት ነው?

«ሾፌሩ መንገድ ቀየረ እንዴ?» አልኩት ወያላውን።

«ኧረ አባት! መንገዱማ ያው ነው፣ የዞሩት እርስዎ ነዎት!»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የፍሬን ወንበሬ! የመጨረሻው ፉርጎ ላይ ያለው ወንበር ወደ ኋላ የዞረ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ጀርባዬን ለባቡሩ ሰጥቼ ነው የሄድኩት። የሙላቱ ቀኝ የእኔ ግራ ነው!

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ለገሃር ገና ነበር። ወያላው «ምን ነካቸው?» አለ። ምንም አልነካኝም ልጄ። ምንም!

በእግሬ ሶማሌ ተራ ተመለስኩ። ኩሊዎቹ «ከኋላ!» እያሉ ጮሁብኝ፣ አልሰማኋቸውም። ሰሚራን የኮምፒውተሩን ዓይን የመጨረሻው ፉርጎ ላይ አድርጊና ወደ ኋላ አዙሪው አልኳት። ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገች። ኤረር መጣ። ተራራው በግራዬ! ሰሚራ አፏን በእጇ ያዘች።

«ጋሼ! እርስዎም ልክ፣ ሳተላይቱም ልክ!»

«ሳተላይቱ ልክ የሚሆነው በደንብ ሲጠየቅ ነው» አልኳት። ታረቅን።

ሙላቱን አስጠራሁት። አይቶ አይቶ፣ «ሃያ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እያየህ ድሬዳዋ ትገባ ነበር?» አለኝ።

«ሌባ ከኋላ ቢንጠለጠል፣ ዕቃ ቢወድቅ፣ አንተ ከፊት ሆነህ ልታየው ነው?»

ሻይ ጋበዘኝ። ሙላቱ ሲጋብዝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ለሰሚራ ስለ አስካለ ነገርኳት። ዛፉን ተከለች። «ሴትዮዋንም ላስገባት» ብላ ፈለገች፣ ጌሙ ውስጥ ያሉት ሴቶች ግን ሻንጣ የሚጎትቱ ፈረንጆች ብቻ ናቸው። አስካለ ሻንጣ ጎትታ አታውቅም፣ ተይው አልኳት። ቅርጫት ብቻ አስቀመጠች። ይበቃል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 13

ሰብለ መጣች፣ ልብሴን መክተቻ ትልቅ ቦርሳ ይዛ። ገና ሳትቀመጥ ቡታጋዙን አየች። ጠፍቷል። በሩ ላይ በእጄ የጻፍኩትን ወረቀትም አየች፦ «ታደሰ፣ ቡታጋዝ!» ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን አዞረች።

«ቦርሳውን ተይውና ነይ» ብዬ ሰሚራ ዘንድ ወሰድኳት። ነገሩን ሁሉ ነገርናት። በመጀመሪያ ሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጥናት። ኤረር መጣ፣ አለፈ።

«ዛፉ የታለ? አላየሁትም» አለች።

«ሾፌር ቶሎ ያልፈዋል» አልኩና ወደ ፉርጎዬ አስዞርኩላት።

ባቡሩ ኤረርን ለቀቀ። ዛፉ ከነቅርጫቱ በግራ በኩል ቀረ። ሜዳ ነው፣ የሚጋርድ የለም። አነሰ፣ አነሰ፣ ግን አለ። ሙላቱ አስካለን አይቷት ከሆነ የዓይን ቅጽበት ነው። እኔ ግን ነጥብ እስክትሆን ድረስ ነበር የማያት። እሷም ይሄን ታውቅ ነበር፤ ባቡሩ እስኪጠፋ ከቦታዋ አትንቀሳቀስም።

ሰብለ «እንደገና» አለች። ሦስት ጊዜ አየችው።

ቤት ስንመለስ ስለ ሐዋሳ ትጀምራለች ብዬ ጠበቅኩ። ቦርሳውን በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋችው። «አባዬ፣ ያልተሠራው ስንት ጣቢያ ነው?» አለችኝ።

ትናንሾቹን ጨምሬ ቆጠርኩላት። ብዙ ነው።

«ያለ አንተ አይሆንም?»

«በምን ይሆናል! ፎቶ እኮ የለም።»

«እሺ። እሱ ሲያልቅ እንነጋገራለን» አለች።

ዳቦ ልግዛ ብዬ ወጣሁና ሰሚራ ጋ ብቅ አልኩ። ልትዘጋ ነበር። «ልጄ፣ አደራሽን» አልኳት፣ «ለምንም ነገር እንዳትቸኩዪ።»