አርጅቻለሁ ላልሽኝ ለኢንዓም

ለልጄ ለኢንዓም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገቤን ይቀስፈኛል ያልሽኝ ሕመም ለቀቀሽ? የጉባ ሙቀት ዘንድሮስ እንዴት አድርጎ ያዘሽ? ግድቡ ከተመረቀ ወዲህ ሠራተኛው ሳስቷል ብለሽኝ ነበር፣ ምግብ ቤትሽ የሚገባ ሰው አለ? ያ ትንሹ እንግዳሽስ ጡጦውን ለመደ፣ ሌሊት ያስተኛሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም የሚያስቸግረኝ ስነሳ ነው እንጂ ስናደድ አይደለም። ተናድጃለሁ ልጄ፣ እሱን ልጽፍልሽ ነው።

በስልክ እንዳልነግርሽ ኔትወርኩ ይቆረጣል። ኔትወርኩ ባይቆረጥ አንቺ ታለቅሻለሽ። አንቺ ባታለቅሺ እኔ ስጮህ አምባው በሙሉ ይሰማል። ስለዚህ ያኔ በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኳት ፊደል እየለቀምኩ ነው የምጽፍልሽ። ብትጣመምም አንብቢያት፣ ከአፌ የባሰ አትጣመምም።

መጀመሪያ በአንቺ ልጀምር። ባለፈው ስትደውይ ምን አልሽኝ? እማዬ እኔ እኮ አርጅቻለሁ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ አያትህ ናት ወይ ይሉታል፣ ባምባሲ ወስጄ ለአያቱ ልመልሰው አልሽኝ። ለእኔ ነው አርጅቻለሁ የምትይው? ጥርስ ያላት ጥርስ ለሌላት ማኘክ አቃተኝ ብላ ታማርራለች? እኔ በአንቺ ዕድሜ አባታችሁን ቀብሬ፣ መቆፈሪያ ይዤ ማሽላዬን እኮተኩት ነበር። አርጅተሻልና ተቀመጪ ያለኝ አንድ ሰው የለም። የባምባሲዋ አያቱስ ቢሆኑ ዓይናቸው ፈዞ በዘንግ ነው የሚሄዱት ያልሽኝ አንቺው አይደለሽም? እሳቸው ሕፃኑን ይይዙታል ወይስ ሕፃኑ እሳቸውን ይመራል? እናቱ ቃናኒ፣ አላህ ይዘንላት፣ ያን ሁሉ ዘመን ጎንሽ ቆማ ወጥ ስትሠራልሽ የኖረች ልጅ፣ በአራስነቷ ነፍሷ ስትወጣ ኢንዓም አንቺው አደራ ያለችሽ የሚይዘው ሰው አጥታ መሰለሽ? አንቺን መርጣ ነው።

አሁን ወደዚያ ወደ ወንድምሽ ልሂድ። ለካ ሱለይማንን ጠይቀሽው ኖሯል። ሚስቱ ሳሊማ ትንሿን ልጃቸውን እያጠባች ነውና ሕፃኑን ረጀብንም ታጥባልኝ፣ ወንድ ልጅ ነው፣ ሲያድግ ባዕድ ሆኖ በገዛ ቤቴ ተሸፋፍኜ ከማሳድገው ልጅ ስሸሽ እንዳልኖር፣ በጡት የወንድሜ ልጅ ይሁንልኝ፣ እኔም አክስቱ ልሁን ብለሽ። እሰይ የእኔ ልጅ! ደግ አሰብሽ። ያ ሰውዬ ግን እምቢ ብሎሽ ሲያበቃ ለእኔ ትንፍሽ አላለም። የሰማሁት ከሳሊማ ነው፣ የረገፈ ማንጎ ስንለቅም። እንባዋ ማንጎው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ምን ሆነሻል ብላት ዘረገፈችልኝ። እኔም የለቀምኩትን ሁሉ መሬት ደፍቼ ተነሳሁ።

ጠራሁት። መጀመሪያ፣ ጡት ከጠባ ነገ ከማንጎው ድርሻ አምጡ ይለናል አለኝ። እንግዲያው ሸሁን ጠይቅ አልኩት፣ ሸህ ዓብዱልላጢፍን፣ ሄደ። ሸሁ የጡት ልጅ አይወርስም፣ የአባቱን ስም ብቻ አትለውጡበት፣ አምስት ጊዜ እስኪጠግብ ከጠባ የእናንተው ነው፣ ደግሞ የቲም፣ አባት የሞተበት ልጅ፣ ማሳደግ አጅሩ፣ ምንዳው፣ ስንት እንደሆነ አንተ ሳታውቀው ቀርተህ ነው ወይ ብለው መለሱት። ምስክር ፍለጋ ሄዶ ተግሣጽ ተሸክሞ መጣልኝ። ያን ጊዜ እውነተኛው ነገር ወጣ። ለካ የሚፈራው ወሬ ነው። ሰው፣ ልጁ የራሷ ነው፣ ሳታገባ ወልዳ በሞተች ሴት አላከከች ይላል አለኝ።

ይሄን ወሬ ወፍጮ ቤት ያቦካችውን ሴት አውቃታለሁ። ስሟን አልጽፍልሽም፣ ወረቀቱ ይቆሽሻል። ሄጄ በሰው መሀል፣ የራሷስ ቢሆን አንቺ ልታጠቢው ነው ወይ አልኳት። እህሏን ሳታስፈጭ ወጣች። አንድ ሕፃን እናቱ ሞታ የሰው ደጅ ወድቋል፣ እነሱ የማን ነው እያሉ ወሬ ያላምጣሉ! ከነሱ መሀል አንዲት እንኳ ጡጦ ልግዛለት ያለች አለች? ወላሂ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የጡት እናትሽ ነዕማ ጉዳዩን ስትሰማ አላስቻላትም፣ በዘንጓ እየተደገፈች መጣች። ያኔ ከወሎ አምጥተው እዚህ ሲያራግፉን አንቺ ጨቅላ ነበርሽ፣ የእኔ ጡት በረሃብ ደርቋል። እሷ የአገሩ ሰው፣ የበርታ ተወላጅ፣ የእኔን ቋንቋ አታውቅ፣ የእሷን አላውቅ፣ ከጉያዬ መንትፋ ነው ያጠባችሽ። ይሄን መቼም ሺህ ጊዜ ነግሬሻለሁ፣ ለሱለይማን ግን አልገባውም ኖሯል። በራፉ ላይ ቆማ፣ በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ፣ አንተ ሱለይማን፣ ያን ጊዜ እኔ ልጅ የማነው ብሎ ጠየቀ? ሰው ምን ይላል ብሎ ጠየቀ? ልጅ አለቀሰ፣ እኔ ሰጠ፣ አለቀ አለችው። ሳሊማ ደግሞ፣ ያቺ ድምፅ የሌላት ሳሊማ፣ ከጓዳ ሆና፣ ጡቴ ሁለት ነው፣ የምትጠባ ልጄ አንድ ናት አለች። ሱለይማን አንገቱን ደፋ። እሺ ግን አላለም።

ትናንት ምሳውን ሲበላ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ኢንዓም ለመሆኑ መቼ ነው የምትመጣው አለ። ምነው ብለው፣ አይ፣ በመጣችበት ቀን ሆሞሻ ድረስ የምሄድበት ጉዳይ አለኝ፣ እስከ ማታ አልመለስም አለኝ። ማንጎውን አሶሳ ገበያ አራግፎ ከሚገባ ሰው ሆሞሻ ከየት መጣ? መቼ እንደምትመጪ ሳያውቅ ጉዳዩ በዚያው ቀን ገጠመው! ሳሊማ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ወንድምሽ እሺ ማለት የሚችለው በዚህ መንገድ ነው፣ አባቱም እንዲሁ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ነው። አልዋሽሽም ልጄ፣ በዚህ ዕድሜ ሕፃን ይከብዳል። ወገብሽ ይጮሃል፣ እሱ መሮጥ ሲጀምር አንቺ መቀመጥ ትፈልጊያለሽ፣ እኔም ዘላለም አልኖርልሽም። አልችልም፣ አልፈልግም ካልሽ በይ፣ ልብሽ ያለው ነው፣ አልቆጣሽም። ትንሽ እቆጣለሁ እንጂ ይበርድልኛል። ነገር ግን ሱለይማን እምቢ ስላለ፣ የወፍጮ ቤቷ ስላወራች፣ ሰው አያቱ ናት ስለሚል ብለሽ ልጁን ብትመልሺ፣ ያን ጊዜ ቁጣዬ አይበርድልሽም። ይሄን የማይሸከሙልሽ ሰዎች እንዴት ብለው ይወስኑልሻል?

ሳሊማ ትናፍቅሻለች፣ ሰላም ብላሻለች፣ አጥሚት እየጠጣች ነው፣ ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ልጆቹ አክስታችን ምን ይዛ ትመጣለች እያሉ ሰላም ይሉሻል። ነዕማ ጉንጭሽን ስማለሁ ብላለች። ሱለይማንም ሰላም በይልኝ ብሏል፣ ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ እኔ ጮክ አድርጌ ጻፍኩልሽ። ለረጀብም ሰላም በይልኝ። አያትህ ብላሃለች በይው ልልሽ ነበር፣ ግን እሷን ቃል ለአንቺ ትቻታለሁ። መጥተሽ አያቱ መሆን አለመሆኔን አንቺው ትነግሪኛለሽ።

እናትሽ
አሶሳ፣ አምባ አሥራ አራት
ሚያዝያ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.