ቡሪ መንገድ መሐል ስላጠሩልን ሣር

ለተከበሩ የከተማ ማስዋቢያ ኃላፊ
ካርቱም፣ 2003 እ.ኤ.አ.

ሰላምና ጤና ከነቤተሰብዎ ይብዛልዎ፤ በተለይ እግርዎን አላህ ይጠብቅልዎ። አማርኛ እንደማያነቡ አውቃለሁ፤ በዐረብኛ ያስጻፍኩትንም ስላላነበቡት፣ ለእርስዎ ልዩነት የለውም ብዬ በሚቀናኝ ጻፍኩ።

ኒዕማ እባላለሁ፤ ቡሪ ሰው ቤት የምሠራ የወሎ ሴት ነኝ። ከሥራ ስንወጣ ወደ ሠፈራችን ወደ ሐጅ ዩሱፍ የሚወስደንን ሐፍላ ለመሳፈር ያን ሰፊ መንገድ መሻገር አለብን። ድሮ ግማሹን በቢስሚላህ አልፈን፣ ጀዚራ የምንለው የመንገዱ አካፋይ ላይ ቆመን ተንፍሰን፣ የቀረውን እንሻገር ነበር። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ፦

፩ኛ፦ አካፋዩ ላይ ሣር ስለተከሉ እናመሰግናለን። ለሣሩ ውሃ በቦቴ ይመጣለታል፤ ለእኛ ሠፈር በአህያ ጋሪ ነው፣ ያውም ከመጣ። ወላሂ፣ ሣር ሆኖ መፈጠርን የመሰለ ነገር የለም።

፪ኛ፦ እንዳንረግጠው በሹል ብረት ስላጠሩትም እናመሰግናለን። ከአጥሩ ጫፍ የተረፈችልን ጠርዝ አንድ ሰው በጭንቅ ታቆማለች።

፫ኛ፦ ይሄን በጨዋ ቃል መጻፍ አቅቶኛል። አብራኝ የምትኖረው የአገሬ ልጅ ሉጥፊያ ቀድማኝ ተሻግራ ጠርዟ ላይ ቆማ ነበር። እኛ አገር ታናሽ ለታላቅ ቦታ ይለቃልና፣ እኔ ስደርስ «ኖር» ብላ ወረደችልኝ። ወዴት ትውረድ? ወደ አስፋልቱ። አጸፋውን እንኳ ሳልመልስላት መኪና እሷንም አጥሩንም ገጭቶ ሄደ። የኔ እናት! ባለጌ ብትሆን ኖሮ ዛሬ በእግሯ ትሄድ ነበር።

ረመዳን ሳይገባ የተሰበረው እግሯ ዒድ አልፎም አልጸናም። መዳሟ ሌላ ሠራተኛ ይዛለች። ማታ ስገባ አሁንም «ኖር» ትለኛለች፤ መነሳት ግን አልቻለችም። እኔም ነገ እዚያው ነው የምሻገረው፤ እፈራለሁ፣ ምን ልደብቅዎ።

የምለምንዎ አጥሩን ሁለት ክንድ ያህል ወደ ውስጥ እንዲያስገቡልን ብቻ ነው። ሣሩም አይከፋው፤ አንቀመጥበትም።

ሣርዎን አላህ ያለምልምልዎ እያልኩ፣
ጠርዙ ላይ ቆሜ መልስዎን የምጠብቅ፣ በማዕረግም ከሣርዎ በታች የሆንኩ አክባሪዎ፣
ኒዕማ፣ ከሐጅ ዩሱፍ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ መኪናው ያጎበጠውን አጥር በማግስቱ አቃንታችሁ፣ በይዳችሁ፣ ቀለም ቀብታችሁ አየሁት፤ ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለ ቅልጥፍና አይቼ አላውቅም። ባለሙያው ጊዜ ካለው ወደ እኛም ብቅ ይበልልን፤ የምትቃና እግር አለች።