በራሱ ስለሚነሳው ፋንና ስለታገደው ሾፌር ለሊቀመንበራችን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ በእውቀቱ፣
የ«ቀና ጉዞ» የሕዝብ ማመላለሻ ባለንብረቶች ማኅበር ሊቀመንበርና የቴክኒክ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
መካነ ሰላም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የዘንድሮው ውርጭ ጉልበትዎን ሳይዘው፣ ደራርበው የሚለብሷቸው ሁለቱ ካፖርቶችዎም ሳይሳሱ እንደሰነበቱ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ካልሆነም አላህ ዓፊያውን ያምጣልዎ። እኔ፣ ጅዳ በሰው ቤት ሠርቼ ባጠራቀምኳት ገንዘብ አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ገዝቼ በማኅበርዎ የታቀፍኩት ዙሀራ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው ሾፌሬ አለምነው ነው። ስለ እሱ ጉዳይ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩና ያ ስብሰባ እኔ በሕይወት እያለሁ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ፣ ይህን ደብዳቤ በመናኸሪያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁና ድፍረቴን በተለመደው ትዕግሥትዎ ይለፉልኝ።

ሰሌዳው ፊት ቆሞ ለሚያነበው መንገደኛ ነገሩ ግልጽ እንዲሆንለት ከሥሩ ልጀምር። የእኔ ሚኒባስ ድሮ የራዲያተሯ ፋን የሚዞረው ከሞተሩ ጋር ቺንጊያ በሚባለው የጎማ ቀበቶ ታስሮ ነበር። ከአባይ በረሃ ወደ መካነ ሰላም ዳገቱን ስትወጣ ሞተሩ እያቃሰተ ቀስ ስለሚል ፋኑም አብሮት ቀስ ይላል፤ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ይለግማል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ሜካኒኩ አሕመድኑር ቺንጊያውን ፈትቶ ሁለት የኤሌክትሪክ ፋኖች ገጠመልኝ። ቴርሞስታቱንም፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈውን ትንሽ በር፣ በአዲስ ቀየረው። በመጨረሻም ውሃው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ፋኖቹን የሚያስነሳ፣ ሲበርድ ደግሞ የሚያጠፋ ማብሪያ ራዲያተሩ ላይ አኖረ። ከዚያ ወዲህ ሚኒባሷ አባይን ወርዳ ስትወጣ የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ከመሃል ፈቀቅ ብሎ አያውቅም። ጥፋታችን ይኸው ነበር።

እንግዲህ በማኅበርዎ የተደረገልንን ውለታ በቁጥር እየለየሁ ላመሰግን።

1ኛ. በታኅሣሥ ወር ለዓመታዊው የማኅበሩ ምርመራ ስንጠራ፣ ከሰዓቱ ሁሉ መርጠው ውርጩ መስታወት ላይ ተጋግሮ ሳለ በማለዳ ስለቀጠሩን ከልብ አመሰግናለሁ። ሞተሩ እንደተነሳ ቦኔቱን አስከፍተው፣ እጅዎን ከካፖርትዎ ኪስ ሳያወጡ ፋኖቹን ትንሽ ተመልክተው፣ አለመዞራቸውን በማረጋገጥ «ፋን አይሠራም» ብለው በቀይ ጽፈዋል። በዚያ ሰዓት የራዲያተሩ ውሃ እንኳን ፋን ሊያስነሳ ለፊት መታጠቢያም የሚሆን ሙቀት አልነበረውም። ያልሞቀ ነገር ለምን ይቀዘቅዛል ብሎ መጠየቅ ግን እንደ እኔ ያለ ያልተማረ ሰው ጥያቄ ስለሆነ ወረቀቴን ተቀብዬ ሄጃለሁ።

2ኛ. እንደገና እንድንቀርብ ስለፈቀዱልን ደግሞ ምስጋናዬ እጥፍ ነው። በዚህኛው ጊዜ አለምነው ብልህ ሆኖ፣ ከከላላ ገበያ ሰው ጭኖ ሲመለስ መኪናዋን እንደጋለች እርስዎ ፊት አቆማት። ሞተሩን አጠፋ። እርስዎም ወደ ራዲያተሩ ጎንበስ ሲሉ፣ የራዲያተሩ ውሃ ሙቀቱ ገና አልወጣለትምና ፋኖቹ ለብቻቸው ቩ ብለው ተነሱ። እርስዎ «በስመ አብ!» ብለው ወደ ኋላ ዘለሉ፤ ከመኪናዋ እየወረዱ የነበሩት እናታችን እትዬ ሀሊማም «ቢስሚላህ!» ብለው ወደ ውስጥ ተመለሱ። በአንድ ፋን ምክንያት ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ጊዜ ፈጣሪውን ሲጠራ ማየት በእውነቱ ደስ ይላል። እትዬ ሀሊማ ግን ወዲያው ሳቁና «እኔስ ጅን መስሎኝ!» ብለው መንገዳቸውን ሄዱ። እርስዎ አልሳቁም፤ «ሞተር ጠፍቶ ፋን ይዞራል፤ አደገኛ የኤሌክትሪክ ብልሽት» ብለው ጻፉ። አንድን ዕቃ ባለመዞሩም በመዞሩም እኩል የሚጥል ዳኛ ስላለን ማኅበራችን ታድሏል።

3ኛ. ችግራችንን አይተው እንዲሁ ስላልተዉን፣ መፍትሔውን በመመሪያ መልክ ለማኅበሩ መኪኖች ሁሉ ስላወጡም እጅ እነሳለሁ። መመሪያው ፋን ሁሉ ቁልፍ በተከፈተ ቁጥር እንዲዞር ከባትሪው ጋር በቀጥታ ይታሰር፣ ቴርሞስታት ደግሞ ይውለቅ የሚል ነው። ምክንያቱንም በስብሰባ ላይ ሲያስረዱ፣ ቴርሞስታት የፈረንጅ ብርድ ታስቦ የተሠራ እንደሆነና ሞቃት አገር ለምንኖር ለእኛ እንደማይበጅ ነግረውናል። ይህን ሲናገሩ ከሰሉ እግርዎ ሥር ይነድ ነበር፤ ከእኛም ጋቢ ያልደረበ አልነበረም። ጅዳ እሳት በሚተፋው በጋ ውስጥ የአሠሪዬ ሾፌር ቴርሞስታት አውልቆ ሲጥል አይቼ ባላውቅም፣ የጅዳ ሰው ሞቃት አገር ምን እንደሆነ ከየት ያውቃል ብዬ ራሴን መክሬያለሁ።

መመሪያው ካልተፈጸመ ስምሪት ስለማይሰጠን ታዘዝን። አሕመድኑር ቀጥታ የሚታሰረው ሽቦ ሁለት ፋን ቀኑን ሙሉ ሲጎትት እንደማይችል ቢናገርም፣ ወፍራም ሽቦና የኤሌክትሪኩን ጭነት የሚሸከመው ሪሌ የሚባለው ዕቃ በኮሚቴው ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ምርመራውን አያሳልፍም ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሚኒባሳችን ከወረኢሉ መልስ እንኳ ሞተሯ ሳይሞቅ የምትገባ ሆነች። ተሳፋሪው በብርድ ተኮራምቶ፣ ነዳጁ እንደ ውሃ እየተጠጣ፣ ፋኖቹ በውርጭ ላይ ውርጭ ሲነፉ ይውላሉ። እርስዎ ግን ለምርመራ ቦኔቱን ሲያስከፍቱ ሲዞሩ አገኟቸው፤ በአረንጓዴም ፈረሙልን።

4ኛውን በምስጋና ልጽፈው ሞክሬ ስላቃተኝ እንዳለ አስቀምጠዋለሁ።

ከአባይ ድልድይ ወዲህ፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ሚኒባሷ ሞልታ ዳገቱን በመውጣት ላይ ሳለች ሽቦው ቀልጦ ፋኖቹ ቆሙ። አለምነው የሙቀቱን ቀስት እንዳየ መኪናዋን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ፤ ተሳፋሪውንም አውርዶ ከገደሉ ጥላ ሥር አስቀመጠ። ከዚያ መጠበቅ ፈለገ። ተሳፋሪዎቹም «አብሽር፣ እንጠብቃለን፤ አንተ ብቻ ረጋ በል» ብለውታል፤ ዛሬም ይመሰክራሉ። ጋቢና ውስጥ የነበሩት የማኅበርዎ ተቆጣጣሪ ግን መጠበቅ አልፈለጉም። ከመሪው በላይ በእርስዎ ትእዛዝ የተለጠፈውን ወረቀት፣ «ሙቀት ሲጨምር የራዲያተሩን ክዳን ወዲያውኑ ከፍተው ውሃ ይጨምሩ» የሚለውን፣ በጣታቸው እየጠቆሙ፣ መመሪያ አልቀበልም ካለ ስሙን ለሊቀመንበሩ እንደሚያስተላልፉ ነገሩት። አለምነው ሦስት ልጆች አሉት፤ የሚያሳድጋቸውም በዚህ መሪ ነው። ጋቢውን እጁ ላይ ጠቅልሎ ክዳኑን ከፈተው።

ክቡር ሊቀመንበር፣ የፈላ ራዲያተር ሲከፈት ውሃው አይፈስም፤ ይፈነዳል። ቀኝ እጁ እስከ ክንዱ፣ አንገቱም በአንድ በኩል ተላጠ። ተቆጣጣሪዎ ራቅ ብለው ቆመው ነበርና እግዚአብሔር ይመስገን አልተነኩም። ሚስቱ ስመኝ ፋሻውን ስትቀይር ጎረቤት እንዳይሰማው ጨርቅ ነክሶ እንደሚቆይ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያን ቀን የተሰማኝን ንዴት በጨዋ አማርኛ መጻፍ አልችልም።

5ኛ. ለአለምነው የጥየቃ ደብዳቤ ስለላኩለት አመሰግናለሁ ልል ነበር፤ ፖስታው ሲከፈት ግን የእገዳ ደብዳቤ ሆኖ ተገኘ። «በፋን አጠቃቀም ጉድለት ምክንያት» የስምሪት ካርዱ ተወስዶ ከመናኸሪያው ታግዷል ይላል። ይህን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ ብመለከተው ሊገባኝ አልቻለም። ሾፌር ማብሪያ የሌለውን፣ ሁልጊዜ እንዲዞር በመመሪያ የታሰረን ፋን በምን እጁ ነው አጎድሎ የሚጠቀመው? ሽቦውን ያሰረው መመሪያዎ ነው፤ ክዳኑን ያስከፈተው ወረቀትዎ ነው፤ የተቃጠለውም የታገደውም እሱ ነው። ሥራው እንዲህ ተከፋፍሎ ለሁሉም ድርሻ መድረሱ የማኅበራችንን ፍትሐዊነት ያሳያል። እኔም ፋኖቹን ወደ ቀድሞ አሠራራቸው፣ ቴርሞስታቱንም ወደ ቦታው በማስመለሴ ሚኒባሴ ከስምሪት ወጥታ ግቢዬ ውስጥ ቆማለች፤ ዶሮዎቼ ሥሯ ጥላ አግኝተዋልና ስለ እነሱም አመሰግናለሁ።

እስከዚህ ድረስ ቀልጃለሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ያለ ቀልድ ያንብቡልኝ። የአለምነው እጅ ድኗል፤ መሪ መያዝ ይችላል ተብሏል። ካርዱን ግን የሚመልስለት ስላጣ፣ ሰሞኑን ከደላሎች ጋር መነጋገር ጀምሯል፤ በጅቡቲ አድርጎ በባሕር ሊሻገር ነው። ይህን የነገረችኝ ስመኝ ናት። እኔ አረብ አገር በአውሮፕላን ሄጄ በአውሮፕላን የተመለስኩ ዕድለኛ ነኝ፤ በዚያ መንገድ የመጡትን ግን ጅዳ አግኝቻቸዋለሁ፣ ያልደረሱትንም ስማቸውን ሲጠሩ ሰምቻለሁ። አንድ ሰው አገሩ ላይ፣ የሚያውቀው መንገድ ላይ፣ የሚያውቀው ሥራ እያለው፣ በአንድ ቁራጭ ካርድ ምክንያት ወደዚያ ባሕር ሲገፋ ዝም ብዬ አላይም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሾፌሩን ካርድ ይመልሱለት። ይቅርታ እንዲጠይቁት እንኳ አላስቸግርዎትም፤ ይህ ለኮሚቴ ቀርቦ፣ ተጠንቶ፣ በቃለ ጉባኤ መያዝ ያለበት ከባድ ጉዳይ መሆኑን እረዳለሁ።

ጊዜዎን የወሰድኩብዎት፣ ስብሰባዎን ያቋረጥኩብዎት፣ ስምዎንም አላፊ አግዳሚው በሚያነብበት ሰሌዳ ላይ ያለ ፈቃድዎ ያሰፈርኩ፣ ሳይሞቅ የሚቀዘቅዝ ሞተር ባለቤት፣ ለመመሪያዎ የማልበቃና ለትዕግሥትዎ ወሰን የማላገኝለት፣ መዋጮዬን ግን ሳላጓድል የምከፍል አክባሪ አባልዎ፣

ዙሀራ
ከመካነ ሰላም

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ልለጥፍ ስል የመናኸሪያው ደላላ ከእርስዎ ተልኮ ቤቴ መጣ። ለመጪው እሑድ የልጅዎን ሙሽራ ከአባይ ማዶ የሚያመጣ መኪና በኮንትራት እንደሚፈልጉ፣ የማኅበሩ መኪኖች ሁሉ በእጅዎ እያሉ ግን «የዙሀራ መኪና ትሁንልኝ፤ በዚያ ዳገት ሙሽራ ይዤ መቆም አልፈልግም፤ ሾፌሩም አለምነው ይሁን» ማለትዎን ነገረኝ። ስለ መልካም ምርጫዎ እንኳን ደስ ያለዎት፤ ጋብቻውንም አላህ ያብጀው። መኪናዋ ታጥባ ትጠብቃለች፤ ኪራይም አልቀበልም። ሾፌሩ ግን እርስዎ በፈረሙት ደብዳቤ መሪ እንዳይዝ የተከለከለ ሰው ነው። ስለዚህ እስከ ቅዳሜ ካርዱን ይዘው፣ በደላላ ሳይሆን በራስዎ እግር፣ አለምነው ቤት ድረስ ሄደው በዚያ በተቃጠለው እጁ ላይ ቢያኖሩለት እሑድ ሙሽራዎን በሰላም ያመጣልዎታል፤ ካልሆነ ግን ልጅቱ አጊጣ እዚያው ማዶ ትጠብቅዎት።