ከአራት ወደ አሥራ ስድስት

ውድ ጋሼ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ስለ ወገብዎ የምጠይቀው ለሰላምታ ያህል አይደለም፤ ምክንያቱ ደብዳቤውን ሲጨርሱ ይገባዎታል። እኛ ሦስታችንም ደህና ነን። ሾፌሩ እንደ ልማዱ ካርታውን በቅጡ ሳያይ ያስይዛል። አስተማሪው እንደ ልማዱ አንድ ካርታ ለመጣል የአንድ ክፍለ ጊዜ ያህል ያስባል። እኔም እንደ ልማዴ ዝም ብዬ እጫወት ነበር፣ እስካለፈው እሁድ ድረስ።

እርስዎ ልጅዎ ዘንድ ከሄዱ ወዲህ የምንጫወተው እኔ ክፍል ነው። ግን የሰዓት መጠገኛ ሱቅዎ ትናፍቀኛለች። እሁድ ከምሳ በኋላ መዝጊያውን እስከ ግማሽ ዝቅ አድርገው፣ የተፈታቱትን ሰዓቶች በጨርቅ ሸፍነው፣ "በሉ ግቡ፣ ያላጎነበሰ አይገባም!" ሲሉን። እኔ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ ስተክል የምውል ሴት ነኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ከማሽን በቀር የሚያናግረኝ አልነበረም። የቆመ ሰዓቴን ላሠራ ብመጣ፣ "ካርታ ትችያለሽ?" አሉኝ። "ማየት እችላለሁ" አልኩ። "ካየሽማ ቻልሽ" ብለው በርጩማ ሳቡልኝ። ለዚያች በርጩማ እስከ ዛሬ አላመሰገንኩዎትም።

ሾፌሩ የተቆጣበትን እሁድ ያስታውሳሉ? በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የሚያስይዘውን የክብሪት እንጨት ሁሉ ተበልቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ እኛን ሲያይ ሁለት ሰዓት ቆየ። ከዚያ ፈነዳ።

"እኔ እዚህ የመጣሁት የሰው ጀርባ ለማየት ነው እንዴ? ይሄ ጨዋታ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ የለውም!"

"ቀስ ብለህ ብትጫወት ኖሮ እስካሁን ተቀምጠህ ነበር" አለው አስተማሪው።

"አንተ ቀስ የምትለው ጸጉራችን እስኪሸብት ነው። በቃ፣ ከዛሬ ወዲያ እንዳትጠብቁኝ!"

ሳያጎነብስ ሊወጣ ሲል መዝጊያው ግንባሩን ገጨው። ማንም አልሳቀም። አስተማሪውም "ሦስት ሆነን ምን ጨዋታ አለ?" ብሎ ኮቱን አነሣ። እናንተ ሌላ ቤት፣ ሌላ ወዳጅ ነበራችሁ። እኔ ያለችኝ ያቺ እሁድ ነበረች።

ትምህርት ቤት አራት ዓመት ብቻ እንደቆየሁ ያውቃሉ። የቀረውን የተማርኩት ከመጠቅለያ ወረቀት ነው። ሳሙናም ይጠቀለልበት ሻማ፣ ሳላነብ አልጥልም። ካጠራቀምኳቸው መካከል ጓደኛሞች ቤታቸው ፖከር የሚባለውን የእኛኑ የካርታ ጨዋታ ውድድር እንዴት እንደሚያዘጋጁ የሚናገር አንድ የመጽሔት ገጽ ነበረኝ። በዚያ ሳምንት አወጣሁት። ከፋብሪካው ለስፌት አይሆኑም ተብለው ከተጣሉት ቁልፎች ሁለት መቶ ቆጠርኩ፤ ለያንዳንዳችን ሃምሳ። ሸሚዝ በሚታጠፍበት ካርቶን ላይ ሕጉን በአራት ቅጂ ጻፍኩ። ካርታ ከመታደሉ በፊት አንድ ሰው በተራው የግድ የሚያስይዘው መነሻ ይኖራል። መነሻው በየሃያ ደቂቃው ያድጋል፤ ስለዚህ ጨዋታው ወደደም ጠላ ያልቃል። አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ አሥራ ስድስት። ከታች ከገጹ ላይ ያልነበረ፣ የራሴን አንድ ሕግ ጨመርኩ፤ መጀመሪያ የወጣ ሰው ካርታ አዳይና የሰዓት አዛዥ ይሆናል፤ ያለ እሱ ጨዋታው አይቀጥልም።

ካርቶኑን ይዘው መናኸሪያ ድረስ ሄደው ሾፌሩን የለመኑት እርስዎ ነዎት። መጣና "ሽልማትስ?" አለ። "ገንዘብ እዚህ ቤት አይገባም" አሉት። ሱቁን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ የሚሠሩበትን ብቸኛውን ባለ መደገፊያ ወንበር ወደ መሃል ጎተቱት። "ያሸነፈ የሚቀጥለውን እሁድ እዚህ ላይ ተቀምጦ ይጫወታል። እኔ እንደሁ አላስረክብም!"

ሾፌሩ ያን ቀንም ቀድሞ ወጣ፤ ግን አልሄደም። ደረቱን ነፍቶ ካርታ ሲያድል፣ "ፀጥታ! ሰዓቱ በእጄ ነው!" እያለ አስተማሪውን ሲያጣድፈው ዋለ። አስተማሪውም ወጣ። እርስዎና እኔ ቀረን። እርስዎ መቶ አሥራ ስምንት፣ እኔ ሰማንያ ሁለት። ሃያ ደቂቃውን የምንለካበት ባለ ደወል ሰዓትዎ ጮኸ።

"አራት አለቀ! ቀጥሎ አሥራ ስድስት!" አለ ሾፌሩ።

ካርቶንዎን አነሡ። ሰዓት ሲመረምሩ እንደሚያደርጉት አንድ ዓይንዎን ጨፍነው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ምነው?" አለዎት አስተማሪው።

"ምንም። የእጅ ጽሑፏ ሲያምር።" አሥራ ስድስት ቁልፍ ቆጥረው አስቀመጡ። መነሻው እንዲህ ዘልሎ ትዕግሥትዎ ምን ይሠራል? በሁለት ዕደላ አለቀ። አሸነፍኩ።

ማክሰኞ ሥራ ላይ ቁልፎች ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያልኩ ስደረድር እጄ ቆመ። ቤት ገብቼ ገጹን ሳየው፣ ሲባጎ የታሰረበት መታጠፊያ ላይ አንድ መስመር ተፍቋል። የታተመ ነገር ይጎድላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ እንዳየሁት ገለበጥኩት። ልናገር አሰብኩ። ግን ካርቶኔ ተሳስቷል ከተባለ ሾፌሩ ተመልሶ የሚሄድ፣ እሁዴም አብራው የምትሄድ መሰለኝ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። በሚቀጥለው እሁድ ወንበርዎ ላይ ተቀመጥኩ። እርስዎ በእኔ በርጩማ ላይ ሆነው፣ ሌላው እንዳያይ ወገብዎን በጡጫ ሲመቱ አየሁ። "ወንበርዎ ላይ ይቀመጡ" ማለት አቃተኝ። "ለምን?" ቢሉኝ መልሱ አንድ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ወንበሩ በአራታችን መካከል ሲዞር ኖረ፤ እኔ ግን ያቺን እሁድ አልረሳኋትም።

በቀደም ከወንበሩ ጋር የተዉልን ባለ ደወሉ ሰዓት ቆመ። መሙያውን ስፈልግ ሰዓቱ የመጣበትን ሳጥን ብገለብጠው ካርቶንዎ ወጣ። በአራትና በአሥራ ስድስት መካከል፣ በእርሳስ፣ በዚያች ደቃቅ ጽሕፈትዎ፣ "ስምንት" የሚል አለ። ከጎኑ ቀን ተጽፎበታል። የመጀመሪያዋ ውድድር ቀን።

ያውቁ ነበር! የሰዓት ጥርስ ሲቆጥር የሚውል ሰው እንዴት አያውቅ! አንድ ቃል ቢተነፍሱ ወንበርዎ ከእጅዎ አይወጣም ነበር። እኔ ግን ዳግመኛ እዚያ ቤት አንድ ነገር ጽፌ አላቀርብም ነበር። ወገብዎን ሰጥተው እኔን አቆሙኝ።

ባለፈው እሁድ የአራቱ ደወል ሲጮህ ብድግ አልኩ። "ቀጥሎ ስምንት ነው። ከመጀመሪያውም ስምንት ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

ሁለቱም ካርታቸውን እንደያዙ አፈጠጡብኝ።

"ቆይ፣ ቆይ" አለ አስተማሪው። "ሦስት ዓመት ሙሉ በስህተት ነው የተሸነፍኩት?"

"አንተ ያለ ስህተትም ትሸነፋለህ፣ አትንጠራራ!" አለው ሾፌሩ። ወደ እኔ ዞረና፣ "እህቴ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል፣ አንቺ ለካ ዝሆን ደብቀሽበታል!"

ምንም አልፈረሰም፣ ጋሼ። ስምንትን በየካርቶናችን ላይ በቀለም አስገባናት። የእርስዎን አልነካሁትም። በስምንት ተጫወትን፣ አሸነፍኩም። ስለዚህ ወንበሩ የእኔ ነውና ለፈለግኩት እሰጣለሁ አልኩ፤ ማንም አልተከራከረኝም።

ሾፌሩ አውቶቡሱ ጣራ ላይ አስሮ ያመጣልዎታል። ይደገፉበት። አብራ ያለችው ከረጢት ውስጥ መቶ አሥራ ስምንት ቁልፎች አሉ፤ ይቁጠሯቸው። የእኔ ሰማንያ ሁለት ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። ወገብዎ መንገድ የቻለ እሁድ ከረጢቷን ይዘው ይምጡ። ደወሉ ጮኋል፤ መነሻው ስምንት ነው፤ ለማስያዝም ተራው የእርስዎ ነው።

በርጩማ የሳቡላት፣
ቁልፍ ተካይዋ