አምሮቴ የት ገባ?

መስከረም 22

ወደ ሥራ ተመለስኩ። ከጨጓራዬ ትልቁን ክፍል ቆርጠው ካወጡልኝ ወዲህ የመጀመሪያ ቀኔ። መጋገሪያ ክፍሉ እንደነበረ ነው። የምድጃው በር ዛሬም በጉልበት ካልገፉት አይዘጋም። ሻጫችን ሸንኮራም ዛሬም ያወራል። ይህን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አፉ ለደንበኛው ሁሉ ማር ስለሆነ። አልተሳሳትኩም።

«ጋሼ፣ ቀጥነው ሙሽራ መስለዋል እኮ!» አለና ገና ሙቀቱ ያልወጣለት የቸኮላት ኬክ ቆርሶ ሰጠኝ። የራሴ ኬክ፣ በራሴ አሠራር። ቀመስኩት። ስኳሩ አለ፣ ቅቤው አለ... ግን ምን ልበል? የዘፈን ግጥም ያለ ዜማ እንደማንበብ። «እንዴት ነው?» ሲለኝ «ጥሩ ነው» አልኩ። ጥሩ ነው! ኬክ ጋጋሪ የራሱን ኬክ እንዲህ ይላል?

እራት ላይ ባለቤቴ ሳህኗን ወደኔ ገፋ አደረገችው። «እስቲ ከኔም ቅመስ።» እሷ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳህኗን በክንዷ ከልላ የበላች ሴት! የራሴ ድርሻ ጥሞኝ አያውቅም፣ የሚጥመኝ የሷ ነው። «እጅህን ሰብስብ፣ አንተ ሌባ!» ሳትለኝ የበላንበት ማዕድ ትዝ አይለኝም። ዛሬ በገዛ እጇ ሰጠችኝ። አላሰኘኝም።

መስከረም 25

ልጄ ስልኬ ላይ ማንቂያ ሞላችልኝ። የአውራ ዶሮ ድምፅ። «ሲጮህ ትበላለህ አባዬ፣ ባትፈልግም ትበላለህ።» ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ረሃቤ ከሆዴ ወጥቶ ኪሴ ገባ ማለት ነው።

መስከረም 30

ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ዶሮውን አፍኜ ሳልበላ ዋልኩ። ይርበኛል ብዬ ነዋ! ረሃብ አልመጣም፣ የመጣው ማዞር ነው። ሸንኮራ የዱቄት ማዳበሪያው ላይ አስቀምጦ ስኳር በውሃ አጠጣኝ። ያ ሳያንስ ለባለቤቴ ደውሎ አሳበቀ። ቤት ስገባ የጠበቀኝን ነገር አልጽፈውም... ወረቀቱም ይደነግጣል።

ጥቅምት 4

ሐኪም ቤት። ሐኪሟ ከልጄ ብዙም አትበልጥም፣ ትዕግሥቷ ግን የአያት ነው። ጣቷን እያወዛወዘች አስረዳችኝ። ሆድ ባዶ ሲሆን የረሃብ ሆርሞን ይለቃል አለች። በደም ተሳፍሮ አንጎል ይደርሳል። አንጎል ያን ጊዜ የሚጣፍጥ ነገር ሲያይ ልቡ ይጠፋል። ያው ኬክ፣ ያው ዓይን... ግን ሆርሞኑ ሲበዛ ኬኩ ይበልጥ ያምራል።

«ሆርሞኑ በብዛት የሚመነጨው ከጨጓራ ነው። ከእርስዎ ጨጓራ ደግሞ ትልቁን ክፍል አውጥተናል።»

እንግዲህ በኬኬ ስኮራ የኖርኩት... ያጨበጨበልኝ ጨጓራዬ ኖሯል? ይህን ስላት ሳቀች። «ኬኩም ድርሻ አለው» አለችኝ። አዛኝ ናት።

«ይመለስለታል?» ብላ የጠየቀችው ባለቤቴ ናት። እኔ አልደፈርኩም። «ለአንዳንዱ ቀስ እያለ ይመለሳል፣ ለአንዳንዱ ይዘገያል። እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም» አለች ሐኪሟ። ባለቤቴ እስከ ቤት ድረስ ቦርሳዋን አቅፋ ሄደች።

ጥቅምት 11

የኬክ ቤታችን ባለቤት እትዬ አዲሱን የብርቱካን ኬክ ልታስቀምሰን ሰበሰበችን። እንደ ወትሮው ከምሳ በፊት። ሁሉም «ውይ! ውይ!» አሉ። ሸንኮራማ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ብቻ «ስኳሩ በዝቷል» አልኩ።

እትዬ «አይ... እርስዎ እንግዲህ አሁን...» ብላ ተወችው። ገባኝ። አሁን አፍህ አይታመንም ማለቷ ነው። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

«እንግዲያው ምሳ በልተን እንድገመው!» አልኩ፣ በእልህ። በሉ፣ ጠገቡ፣ ተመልሰው ቀመሱ። ሸንኮራ አንዴ ጎረሰና ሹካውን አስቀመጠ። እትዬ አኘከች፣ አኘከችና «ይከብዳል መሰለኝ» አለች። የጠገበ ሰው አንጎል አያሽቃብጥም። እኔ ደግሞ አሁን ጠዋትም ማታም የጠገበ ሰው ነኝ።

ስኳሩ ተቀነሰ። «ከዛሬ ጀምሮ ያለ ጋሼ አፍ ምንም አይወጣም» ተባለ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ግን ግማሽ ደስታ ነው። ዳኛ ሆንኩ እንጂ በላተኛ አልሆንኩም።

ጥቅምት 19

መነጽሬን ላወጣ ማኅደሩን ብከፍት... ብስኩት። የሎሚ ብስኩት፣ በናፕኪን ተጠቅልሎ! እንዲህ ያለ መደበቅ አለ?

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፣ ብስኩቷን ከኔ የምትደብቀውም በሙያዋ ነው። የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ፣ ከቁልፍ ቆርቆሮው ሥር፣ አንዴማ ያላለቀ ኮት እጅጌ ውስጥ። ሁሉንም አገኛቸው ነበር። አፍንጫዬ ይመራኛል። ዛሬ ሄጄ አየኋቸው። መሳቢያው ውስጥ አለ፣ ደርቋል። ቆርቆሮው ሥርም አለ። ማንም አልነካቸውም። ከዚያ የጫማዬ ሣጥን ላይ፣ ከዚያ ትራሴ አጠገብ፣ ከዚያ መነጽሬ ማኅደር... መደበቂያውን በየጊዜው ወደኔ እያቀረበችው ነው። እንድሰርቃት!

አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ የመነጽሩን ብስኩት በላሁት፣ ሳይርበኝ፣ ለሷ ብዬ። ማታ «አይጥ ገብቷል መሰለኝ» አልኳት። ፊቷ በራ። ከዚያ ዓይኔን አየችና «ውሸታም» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ሌባ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 2

ዶሮው ጮኸ። በላሁ። ይኸው ነው።

ኅዳር 9

ከሥራ ስመለስ ሽንኩርት የሚጠበስበት መስኮት ሥር ቆሜ ተገኘሁ። ለምን ቆምኩ? መንገዴም አልነበረም። ለማንም አልተናገርኩም... እንዳይሸሽ።

ኅዳር 14

እየሳቅኩ ነው የምጽፈው።

እሑድ ምሳ። ልጄ መጥታለች። ድንች በምድጃ። ባለቤቴ ጠርዙ ጠቆር ብሎ የተንኮሻኮሸውን ድንች ሁልጊዜ ለመጨረሻ ታስቀምጠዋለች። እኔ ከራሴ ሳህን እንደ ነገሩ አንድ ሁለት ጎርሼ ተቀምጫለሁ። እናትና ልጅ ስለ መጋረጃ ይከራከራሉ። አበባ ያለው ይሁን፣ የለም ይቅር። እኔም እየሰማሁ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ለአበባው ልመሰክር አፌን ስከፍት... አፌ ሙሉ ነው። ጨው፣ ቅቤ፣ ትኩስ፣ ቀርጨጭ! እጄ ሄዶ የተመለሰው እኔን ሳያማክር ነው። «ውይ!» አልኩ። ዶሮው ገና አልጮኸም።

የመጋረጃው ክርክር ቆመ። የልጄ ሹካ አየር ላይ ቀረ። ባለቤቴ ሳህኗን አየች፣ ባዶውን ቦታ። ከዚያ እኔን።

«የሌባ ዓይነ ደረቅ...» ብላ ጀመረች፣ መጨረስ አቃታት። ሽርጧን ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች ነው ብዬ ብነሣ፣ እየሳቀች ነው። ለካ ሁለቱንም ኖሯል። እኔም እንደዚያው። «ምን ሆናችሁ ነው ሁለታችሁም?» ትላለች ልጄ፣ የራሷም ዓይን ቀልቷል። ደስ ያለኝን ያህል መጻፍ አልችልም።

ሽርጧን ካወረደች በኋላ እኔ ደግሞ፣ አመል አይለቅ፣ ሁለተኛውን ድንች ልወስድ ዘረጋሁ። እጄን በማንኪያ መታችኝ። ሳህኗን ወደ ራሷ ሳበች። በክንዷ ከለለችው።